ካዲጋን ጣሪያ ላይ ሳስተምር

ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ኋላ ስትደርሱበት እንዳታፍሩብኝ ነው። ውሻ እፈራለሁ። ፖሊስ እፈራለሁ፤ ባላጠፋሁበት ቀን ደግሞ የበለጠ እፈራለሁ። ስልኬ ከማላውቀው ቁጥር ሲጠራ ተነሥቼ እቆማለሁ። ከሁሉም ከሁሉም ግን ከፍታ እፈራለሁ። ታዲያ እንጀራዬ ምን ይመስላችኋል? ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የኤሲ ጠጋኝ ነኝ። ኤሲ ደግሞ ግማሽ አካሉ ክፍል ውስጥ፣ ግማሽ አካሉ ጣሪያ ላይ የሚኖር ፍጡር ነው፤ የሚታመመውም ሁልጊዜ ጣሪያ ላይ ያለው ግማሹ ነው።

ሥራውን መርጬው እንዳይመስላችሁ። ድሬዳዋ ሳለሁ ፍሪጅ ነበር የምጠግነው። ፍሪጅ መሬት ላይ የሚቀመጥ ጨዋ ዕቃ ነው። እዚህ ስመጣ "ፍሪጅ የጠገነ ኤሲ አያቅተውም" ብለው መሰላል አስያዙኝ። እምቢ እንዳልል ቀጣሪዎቼን ፈራሁ፤ እሺ ብዬ እንዳልወጣ ጣሪያውን ፈራሁ። ሁለት ፍርሃት ሲገጥምህ የቀረበህን ነው የምትፈራው፤ ቀጣሪዎቼ ቅርብ ስለነበሩ ወጣሁ።

እንዲህ እየተንቀጠቀጥኩ ዓመታት ከገፋሁ በኋላ አንድ ቀን የሠራተኞች አስተዳደር ኃላፊዋ ማዳም ሰዓዳ አስጠሩኝ። ማዳም ሰዓዳ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የሚያደርጉ ሴት ናቸው። በሶማሊኛ ቢያናግሩኝ ይገባኛል፤ ድሬዳዋ አድጌ ሶማሊኛ ባላውቅ ነበር የሚገርመው። የዚያን ቀን ግን አጠገባቸው አንድ ፈረንሳይኛ ብቻ የሚናገር እንግዳ ስለነበረ በፈረንሳይኛ ጀመሩ። የኔ ፈረንሳይኛ ደግሞ "ዊ" ነው፤ "አዎ" ማለት ነው፣ ሌላ የለኝም። በተናገሩ ቁጥር "ዊ" አልኩ። ብዙ ነገር አሉ፤ እኔ የያዝኩት ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ አንዱ "ካዲጋ"፣ ሁለተኛው "ፓራን"።

ካዲጋን አውቃታለሁ። ኮሪደሩን የምትጠርገው ረጅም ቀጭን የአፋር ልጅ ናት፤ ከከተማው ዳር ባልባላ ሰፈር ነው የምትኖረው። ፓራን የሚለውን ግን አላውቀውም። ስለዚህ የማደርገውን አደረግኩ፤ ወይንሸት ጋ ደወልኩ። ወይንሸት የአክስቴ ልጅ ናት። ሄሮን በሚባለው ሰፈር ፈረንሳዮች ቤት ተቀምጣ ስለምትሠራ በእኛ ዘመዶች ዘንድ ፈረንሳይኛ የሚባለው ነገር ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚጠየቀው።

"ፓራን ምንድን ነው?" አልኳት።

"የክርስትና አባት ነው" አለች ሳታስብ። "የኔ እመቤት ልጃቸውን ክርስትና ሲያስነሱ አንድ ራሰ በራ ሰውዬ መጥቶ ሲያቅፈው ነበር። እሱን ነው ፓራን የሚሉት። ምነው ወንድም ጋሼ?"

"የካዲጋ ፓራን ሁን ተብያለሁ።"

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ካዲጋ እስላም አይደለችም እንዴ?" አለች።

እኔም እሱን እያሰብኩ ነበር። እስላም ናት፤ አባትና አጎት ያላት፣ ባልባላ ሙሉ ዘመድ ያላት። እሷን ክርስትና ላነሳ "ዊ" ብዬ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ በምስክር ፊት። የዚያን ዕለት እራት አልበላሁም። በማግስቱ ካዲጋ ኮሪደር ላይ ስታየኝ ፈገግ ብላ "ሼፍ" አለችኝ፤ እዚህ አገር ከፍ ያለ ሠራተኛን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። ከዚያ በፊት ጠርታኝ አታውቅም። ሰምታለች ማለት ነው። መፍቻዎቼን ታቅፌ መጸዳጃ ቤት ገባሁ።

እየዋለ ሲያድር አልቻልኩም፤ ማዳም ሰዓዳ ቢሮ ሄጄ በር ላይ ቆሜ በሶማሊኛ ተናገርኩ። "ማዳም፣ እሷም በሃይማኖቷ፣ እኔም በሃይማኖቴ ብንኖር ይሻላል። ልጅቷ ትልቅ ሰው ናት። እኔም ቄስ አይደለሁም።"

መነጽራቸውን አወለቁ። "ማን ነው ከሃይማኖታችሁ ውጡ ያላችሁ?"

"ፓራን ሁናት ብለውኝ የለ?"

ማዳም ሰዓዳ ግንባራቸውን ጠረጴዛው ላይ ደፉ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያስለቀስኳቸው መስሎኝ ከመጀመሪያው ይበልጥ ፈራሁ። ቀና ሲሉ ግን እንባው የሳቅ ነበር። ወንበር ሰጡኝና ሁሉን ነገር እንደገና፣ አሁን በሚገባኝ ቋንቋ ነገሩኝ።

"ስማኝ። በዚህ ግቢ ጠራጊው የአገሩ ልጅ ነው። ዘበኛው የአገሩ ልጅ ነው። መፍቻ የያዘው ግን ከውጭ የመጣ ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የገቡት አፋሮችማ ሕንጻችንን የሚያውቁት ከአጥሩ ማዶ ነው። ይኼ ይብቃ ተብሏል። ቀጥሮ መተውም አይደለም፤ ማደግ አለባቸው። ካዲጋ የሙያ ትምህርት ቤት ጨርሳ የመጣች ልጅ ናት፤ እኛ መጥረጊያ አስያዝናት። ፓራን ያልኩህ ከጎኗ ቁም፣ የምታውቀውን አሳያት፣ ለቴክኒሻንነት የሚመዝናት ኮሚቴ ፊት ስትቀርብ ስለ እሷ ተናገር ለማለት ነው።"

ከቢሮው ስወጣ አየሩ ራሱ ቀለለኝ። ሐምሌ ላይ የጅቡቲ አየር ሲቀል አስቡት።

ቅለቱ ግን እስከ ዓርብ ነው የቆየው። ዓርብ ወይንሸት እረፍቷ ነው። ባሕሩ ዳር ግንቡ ላይ ተቀምጠን የሆነውን ስነግራት ከልቧ ሳቀች፤ ከዚያ ድንገት መሳቋን ተወችና "ቆይ ግን ወንድም ጋሼ፣ እሷ ሁሉን ከቻለች አንተን ምን ሊያደርጉህ ነው?" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"የመኖሪያ ፈቃድህ ሥራህ ላይ አይደል የተንጠለጠለው? ሥራው ለአገሩ ልጅ ይሁን ከተባለ አንተ የማን አገር ልጅ ነህ?"

ይኼን አላሰብኩትም ነበር። ወይንሸት ደግሞ የጀመረችውን ፍርሃት ሳትጨርስ አትተውም። "እኔ አልፈርድባቸውም፤ አገራቸው ነው" አለች። "እኛስ ቢሆን አገራችን ላይ ይኼን አይደል የምንለው? እኔ የምልህ፣ አስተምራት፤ ግን ሁሉንም አታስተምራት።"

ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። የኔ እናት ድሬዳዋ ናት፤ እኔ እዚህ ነኝ። የወይንሸትን ምክር ይዤ ሥራ ገባሁ። እቅዴ ቀላል ነበር፤ ካዲጋን መሰላል መሸከም፣ ካቻቢቴ ማቀበል፣ ፊልትሮ ማጠብ አስተምራታለሁ። የኮምፕረሰሩን፣ የጋዙን፣ የኤሌክትሪኩን ነገር ግን ጀርባዬን አዙሬ እሠራለሁ።

እቅዱ መሬት ላይ ሳለሁ እንከን አልነበረውም። ጣሪያ ላይ ስወጣ ተበላሸ። ምክንያቱም እኔ ከፍታ ላይ ስሆን አፌ ይከፈታል። እያወራሁ ካልሆነ በቀር ወደ ታች አያለሁ፤ ወደ ታች ካየሁ አለቀልኝ። ድሮ ብቻዬን ስወጣ ለራሴ ነበር የማወራው። አሁን በሶማሊኛ የምታደምጠኝ ሰሚ ተገኘች። "ይኸውልሽ፣ ይኼ ካፓሲተር ነው፤ ኮምፕረሰሩ እያጓራ ካልተነሣ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሪ። ኤሌክትሪኩ ቢጠፋም ውስጡ ይዞ ስለሚቆይ ሳታራግፊ እንዳትነኪው። ቱቦው በረዶ ከሠራ ጋዝ አንሷል ማለት ነው..." እያልኩ፣ ዓይኔን ማሽኑ ላይ ተክዬ፣ የያዝኩትን ሙያ ሁሉ እንደ ጸሎት አነበንበው ነበር። ስወርድ እጄን በአፌ ላይ ጭኜ "ምን አልኩ ዛሬ ደግሞ?" እላለሁ።

ካዲጋ ብዙ አትናገርም። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ አስፋልት ላይ ያለች ይመስል እየተራመደች ትሰማኛለች። እኔ እሷ ስትራመድ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ስጨርስ በጣቷ ሌላ ቦታ ታመለክትና "እሱስ?" ትላለች። "እሱስ?" ስትለኝ እሱንም እናገራለሁ። በዚህ ሁኔታ ልደብቃት ካሰብኩት ነገር የቀረ የለም።

አንድ ቀን ጥላ ያለበት ቦታ ቁጭ ብለን ውሃ ስንጠጣ ሳልጠይቃት ተናገረች። "ትምህርቴን ስጨርስ ዘመዶቻችን ሁሉ መጥተው መረቁኝ። ከማሽን ጋር ልትሠራ ነው ተባለ። ከዚያ መጥረጊያ ይዤ አዩኝ። ማንም ምንም አላለኝም ሼፍ። ዝም ነው ያሉኝ።" የጠርሙሱን ክዳን ዘጋችና ተነሣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጀርባዬን አዙሬ ለመሥራት መሞከሩንም ተውኩት፤ ዕቅዱ ራሱ አሳፈረኝ።

ይህ ሁሉ ሳያንስ አጎቷ ጠሩኝ።

"ሐሙስ ከሰዓት ባልባላ ና ብሎሃል" አለችኝ ካዲጋ።

"ለምን?"

"ሊያይህ ነው።"

ለምን ሊያዩኝ እንደፈለጉ ስጠይቃት ትከሻዋን ነቀነቀች። ለወይንሸት ደወልኩ። "ሴት ልጃቸውን ጣሪያ ለጣሪያ ይዘህ ስትዞር ምን ጠብቀህ ነበር?" አለችኝ። "ስልክህን ቻርጅ አድርገህ ሂድ።" ይህ ምክር ፈሪን ምን ያህል እንደሚያጽናና እናንተው ፍረዱ።

ሚኒባሱ ባልባላ እስኪደርስ ላቤ ሸሚዜን አጥቦ ጨረሰው። የካዲጋ አጎት ሐጂ ሁመድ ይባላሉ፤ ጢማቸው በሂና የቀላ፣ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ከብት ይዘው ይመላለሱ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛ ያውቃሉ። ምንጣፍ ላይ አስቀመጡኝ። ቀና ስል ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነገር አየሁ፤ ጊሌ ነው፣ አፋሮች ወገባቸው ላይ የሚታጠቁት ቆልማማ ጩቤ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ግድግዳ የሌለ ይመስል ከዚያ ሥር ነው ያስቀመጡኝ።

ሐጂ ሁመድ መጠየቅ ጀመሩ። ከየት መጣህ? በየት በኩል? መንገድ ላይ ማንን አገኘህ? ምን አሉህ? ድሬዳዋ ዝናብ አለ? ከብቱ እንዴት ነው? ገበያውስ? ከአዲስ አበባ የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ሰላም ይገባሉ? ፖሊስ እንኳ እንደዚህ ጠይቆኝ አያውቅም። የማውቀውን ሁሉ መለስኩ፤ የማላውቀውንም መለስኩ። ድሬዳዋ ላይ ያልዘነበ ዝናብ አዘነብኩ። ካዲጋ ወተት ይዛ ስትገባ ፊቴን አየችና ጆሮዬ ጋ ጎንበስ ብላ "ልማዳችን ነው ሼፍ፤ መጀመሪያ ወሬ እንለዋወጣለን" አለችኝ። ያዘነብኩትን ዝናብ እንዴት እንደምመልሰው ጨነቀኝ።

ወሬው ሲያልቅ ሽማግሌው በረጋ ድምፅ "ይህችን ልጅ ኮሚቴ ፊት አቅራቢዋ አንተ ነህ አሉኝ" አሉ።

"አዎ፣ ሐጂ።"

"በእኛ አገር በረሃ የሚያቋርጥ ሰው መንገድ የሚያውቅ ይዞ ነው የሚሄደው። መሪው ውሃ ጋ ሳያደርሰው ከመንገድ ከተመለሰ፣ ያ ሰው ሞተ ማለት ነው። የምትመለስ ከሆነ ዛሬ ንገረን። አንጣላህም። ሌላ መሪ እንፈልጋለን።"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ያ የምመለስበት ጥሩ ቀዳዳ ነበር። "አንጣላህም" ብለዋል እኮ። የመኖሪያ ፈቃዴ ታየኝ። ቀና ብዬ ደግሞ ጊሌውን አየሁ። ካዲጋ በሩ ላይ ቆማለች፤ እኔን አታይም፤ ምንጣፉን ነው የምታየው።

"አልመለስም" አልኩ። ከዚያ ወተቱን በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት፤ የግመል ወተት በባዶ ሆዱ ለፈራ ሰው ምን እንደሚያደርግ ሚኒባስ ውስጥ ነው የገባኝ። እሱን እናልፈዋለን።

የኮሚቴው ቀን ደረሰ። ሰብሳቢው በዚያ ሙቀት ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ናቸው። ማዳም ሰዓዳም አሉ፤ ሌሎችም አሉ። መጀመሪያ ሥራዋን እንይ ተባለ። የመጻሕፍት ቤቱ ኤሲ ከዋዜማው ጀምሮ ቆሟል፤ ማሽኑ ጣሪያ ላይ ነው። ከላይኛው በረንዳ መሰላል አቆምን። ካዲጋ ወጣች። እኔ ከታች ሆኜ ልመሰክር አስቤ ነበር፤ ፕሮፌሰሩ በእጃቸው "እርስዎም" የሚል ምልክት አሳዩኝ። ወጣሁ።

ገና ወደ ማሽኑ ስንጠጋ ነፋሱ ተነሣ። ካምሲን ይሉታል፤ በሙቀቱ ወራት ከበረሃ አሸዋ ዘግኖ የሚመጣ ነፋስ ነው። ሰማዩ እንደ ሽሮ ዱቄት ቀላ። ከኋላዬ "ጓ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ መሰላሉ ወድቋል። ኮሚቴው አፉን በክራቫትና በሻሽ ሸፍኖ መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ገባ። ጣሪያ ላይ የቀረነው እኔና ካዲጋ ነን።

ያንን ማሽን እግሩን አቅፌ በሆዴ ተኛሁ። የማውቃቸውን መላእክት ሁሉ በልቤ ጠራሁ፤ ሲያልቁብኝ ደገምኳቸው። ያን ዕለት የተለመደው ወሬዬ እንኳ ከድቶኛል፤ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣችም።

"ሼፍ" አለች ካዲጋ በነፋሱ ውስጥ። "ማጥፊያውን ዘግቻለሁ። ክዳኑን ፈትቼዋለሁ፤ ነፋስ እንዳይወስደው ያዘው።"

እጄን ከማሽኑ እግር ማላቀቅ አልቻልኩም። ስለዚህ ክዳኑን ደረቴ ሥር ሸጉጣልኝ፣ እኔም እሱ ላይ ተኛሁበት። የዚያን ቀን ሥራዬ ያ ነበር። አሸዋው ጆሮዬን ሲሞላው በአንድ ዓይኔ እጇን አያለሁ፤ ካፓሲተሩን አራገፈች፣ አወጣች፣ አየች፣ አዲሱን ከኪሷ አውጥታ ገጠመች። አንድም ነገር አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝም መልስ የሚሰጥ ሰው እዚያ አልነበረም። ማጥፊያውን መለሰችው። ማሽኑ በእቅፌ ውስጥ ሲነሣ መሬት የተንቀጠቀጠች መስሎኝ ጮህኩ።

ነፋሱ ጋብ ሲል ዘበኛው መሰላሉን አቆመልን። ካዲጋ ቀድማኝ ወረደችና ከታች ይዛልኝ ቆመች። "ሼፍ፣ ወደኔ እያየህ ውረድ" እያለች፣ እንደ ሕፃን አወረደችኝ።

መጻሕፍት ቤቱ ውስጥ ኮሚቴው ቅዝቃዜው ሥር ተሰልፎ ቆሟል። ፕሮፌሰሩ ክራቫታቸውን አስተካክለው ወደኔ ዞሩ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ማዳም ሰዓዳ ተረጎሙልኝ። "ያለ እርስዎ መሥራት ትችላለች ወይ ይላሉ።"

እስከ ዛሬ የፈራሁት ሁሉ አንድ ላይ መጣ። ትችላለች ካልኩ ዩኒቨርሲቲው እኔን ምን ያደርገኛል? አትችልም ካልኩ ደግሞ ነገ መጥረጊያዋን ትይዛለች፤ ዘመዶቿም እንደገና ዝም ይሏታል። የማውቃቸው ቋንቋዎች ሁሉ ከአፌ ጠፉ። ሲመለሱ ሶማሊኛው ነው ቀድሞ የመጣው።

"ዛሬም የሠራችው ያለ እኔ ነው" አልኩ። "እኔ ጣሪያው ላይ የነበርኩት ክዳኑ እንዳይበር ነው።"

ማዳም ሰዓዳ ሲተረጉሙት ሁሉም ሸሚዜን አዩ። ደረቴ ላይ የክዳኑ ወንፊት በአቧራ ታትሟል። ፕሮፌሰሩ ሳይቀሩ ሳቁ። ካዲጋ ግን አልሳቀችም። የእጇን ቅባት በቀሚሷ እየጠረገች ፕሮፌሰሩን ብቻ ታያለች።

አለፈች። ቴክኒሻን ሆነች። ሐጂ ሁመድ ራሳቸው ግቢው በር ድረስ መጥተው፣ የሥራ ልብስ ለብሳ ስትወጣ ቆመው አይተዋት ሄዱ። ምንም አልተናገሩም፤ ይኼኛው ዝምታ ግን ሌላ ነበር።

እኔ ደግሞ ስንብቴን መጠበቅ ጀመርኩ። ማዳም ሰዓዳ በኮሪደሩ ሲያልፉ ዕቃ ግምጃ ቤት እገባለሁ። ሻንጣዬን አዘጋጀሁ፤ ወይንሸትም አልቅሳ ጨረሰች። በመጨረሻ አስጠሩኝ። ጣሪያው የካዲጋ ይሁን፣ አንተ የቤተ ሙከራዎቹን ፍሪጆችና ወርክሾፑን ያዝ፤ ውልህ ለአንድ ዓመት ታድሷል አሉኝ።

"ከዓመት በኋላስ?" አልኳቸው።

"ከዓመት በኋላ እናያለን" አሉ፤ ሊዋሹኝ አልፈለጉም። አሁን ያለሁት እንግዲህ መሬት ላይ ነው፤ ከፍታውን ትቼ የቀን መቁጠሪያውን ነው የምፈራው።

በቀደም ካዲጋ ወርክሾፕ መጣች። ከታጁራ ከተማ በኩል የመጣ አንድ አዲስ ሠራተኛ እንድታስተምር ሰጥተዋታል፤ ቀልጣፋ ነው አሉ፣ አንድ ጊዜ ያየውን አይረሳም። በሩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች። መፍቻዋን በእጇ ታገላብጣለች።

"ሼፍ፣ እኔ የማውቀውን ሁሉ ካወቀ በኋላ እኔ ምን እሆናለሁ?" አለችኝ በቀስታ።

የሚያጽናና ነገር ፈለግኩ። በፍሪጆቹ መካከል፣ ቬንትሌተሩ ፊት፣ ሸሚዜን እስከ እምብርቴ ከፍቼ እንደተቀመጥኩ ብዙ አሰብኩ።

"ምንም አትሆኚም" አልኳት። "እኔን ትሆኛለሽ።"

ከእግሬ እስከ ራሴ ቀስ ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ዓይኔ እያየ ጨመረ።